ስንጥቅ የጠፋበት ፔዳል

ጡረታ ስወጣ ሁሉም ሰው «እንግዲህ እንቅልፍሽን ትተኛለሽ» አለኝ። ክለቡ ጋቢ አለበሰኝ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ አሠልጣኙ ስለ ትጋቴ ንግግር አደረገ። እኔ በዚያች ሰዓት የማስበው በማግስቱ ለልምምድ የሚወጡትን ልጆች ፔዳል ማን እንደሚያይላቸው ነበር። ደሴን ለቅቄ ላሊበላ፣ ወላጆቼ ያወረሱኝ ቤት ከገባሁ በኋላም አልተሻለኝም። ብስክሌት ቁልቁለቱን ሲወርድ ከሰማሁ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ድምፁ እስኪጠፋ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ። ጎረቤቶቼ ልቤን ያመመኝ መስሏቸው ጠበል እንድገባ መክረውኛል።

የብስክሌት መካኒክ ነበርኩ። አባቴ በገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም መምህር ነበሩ፤ ልጃቸው እጇን በግራሶ ለምን እንደምታጠቁር እስኪያርፉ ድረስ አልገባቸውም። «ልጅዎ ምን ትሠራለች ሲሉኝ የመንግሥት ሠራተኛ ናት እላለሁ» ይሉኝ ነበር። ውሸት አልነበረም፤ እኔም አላረምኳቸውም።

ብዙ ሰው ፔዳል ሲባል የሚያውቀው ማንኛውም ጫማ የሚረግጠውን ነው። የእሽቅድድም ብስክሌት ፔዳል ሌላ ነው። ጫማው ሶል ሥር ጠንካራ ፕላስቲክ በሦስት ብሎን ይታሰራል፤ ክሊት እንለዋለን። ክሊቱ ወደ ፊት የወጣ አፍንጫ አለው። አፍንጫውን ፔዳሉ ፊት ካለው ከንፈር ሥር አስገብተህ ተረከዝህን ስትጫን፣ ከኋላ ያለው ሞላ ይከፈትና ነክሶ ይይዝሃል። ቀጭ ይላል። ከዚያ በኋላ እግርህ ቁልቁል ሲረግጥ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ ሲስብም ይሠራል። ለመውጣት ተረከዝህን ወደ ውጭ ታዞራለህ። የእኔ ሥራ እንግዲህ ይህ ፔዳል መያዝ ባለበት ሰዓት እንዲይዝ፣ መልቀቅ ባለበት ሰዓት እንዲለቅ ማድረግ ነበር። ካልያዘም ሰው ይወድቃል፣ ካልለቀቀም ሰው ይወድቃል። በዚህ ሥራ ላይ የኖረች ሴት እንዴት ረጋ ትበል?

ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ይመር ናቸው። ወልድያ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ስማር፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ብስክሌት ያከራዩና ይጠግኑ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ካላማዳሪ ሲለጥፉ ለማየት እቆማለሁ። መቆሜ ሲበዛባቸው «ቆመሽ ከምታዪኝ ተቀምጠሽ ያዥልኝ» አሉኝ፤ በዚያው ቀረሁ። ኋላ የደሴው ክለብ መካኒክ ሆነው እንዲመጡ ሲጠራቸው «ይቺ ልጅ ካልመጣች እኔም አልመጣም» ብለው አስቀጠሩኝ። ደመወዙ ከቤት ኪራይ ብዙም አይተርፍም ነበር።

አያ ይመር ፔዳል ሲፈቱ መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋሉ። ውስጡ ያሉት የብረት ብዮች የምስር ፍሬ ያህል ናቸው፤ አንዷ ከጠፋች ሌላ የምትገኘው አዲስ አበባ ነው። ጨርቁን ካነጠፉ በኋላ «ቢስሚላህ» ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ወሬ የለም። ፔዳሉ ከብስክሌቱ የሚፈታበት ጥርስ የቀኝና የግራው ይለያያል። ስለዚህ መፍቻ ቁልፉን ቀና አድርገሽ ያዢ፣ በሁለቱም በኩል ወደ ኋላ ጎማ ስትገፊው ይፈታል፣ ወደ ፊት ስትገፊው ይጠብቃል ብለው አሳዩኝ። ፔዳሉ ውስጥ ያለው ጥርስ ደግሞ የውጭው ተቃራኒ ነው። ይህን ያልተረዳ ጀማሪ ጉልበቱን ተማምኖ አንድ ጊዜ ባጠማዘዘው የፕላስቲኩ ጥርስ ይላጫል፤ የተላጨ ደግሞ አይመለስም።

ፔዳሉ የሚዞርበት ዘንግ፣ ፔርኖው፣ ከወጣ በኋላ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ አዲስ ግራሶ ይሞላል። ትልቁ ጣጣ ማጥበቂያው ዳዶ ላይ ነው። ትንሽ ከላላ ፔዳሉ ይነቀነቃል፤ ትንሽ ከጠበቀ ብዮቹ ይፈጫሉ። አያ ይመር ፔርኖውን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው ያዞሩታል። አንድ ነገር ስጠይቃቸው «ተይኝ፣ እየሰማሁ ነው» ይላሉ። የሚሰሙት በጣታቸው ነበር።

በመጨረሻ የብስክሌተኛውን ጫማ ያስወልቁና እጃቸውን ይከቱበታል። በጫማው ፔዳሉን ይረግጣሉ፤ ቀጭ። ይጎትቱታል፣ ያጣምሙታል፣ ያስለቅቁታል፤ ደግሞ ቀጭ። ልጆቹ ካልሲያቸውን ለብሰው ሲሚንቶ ላይ ቆመው ይስቃሉ። «ፔዳሉ ግማሽ ነው ልጄ» ይሉኛል አያ ይመር፤ «ግማሹ ያለው ሰውዬው እግር ላይ ነው።» እንዲህ አድርገው እንኳ ውድድር ሲጀመር ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ነበር የሚቀመጡት። ብስክሌት ሲወርድ ማየት አይችሉም ነበር። ያን ጊዜ እስቅባቸው ነበር።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ሥራው በእኔ ላይ ሲወድቅ መሳቁ ተወኝ። አለቆች ተፈራረቁብኝ። አንዱ ግራሶ ስጠይቀው ባለፈው ወር ያመጣነውን ምን አደረግሽው ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ ሳልጠይቀው የማይገጥም ዕቃ ገዝቶ ይመጣል። ወገል ጤና ለውድድር ሄደን ዝናብ ያዘን፤ ያ ጥቁር ጭቃ ክሊቱ ውስጥ ገብቶ ደረቀ። የልጆቹን ጫማ በእሾህ ስጎረጉር ዋልኩ። ይህ ሁሉ ግን አድካሚ እንጂ የሚያስፈራ አልነበረም። የሚያስፈራው የመጣው ፍላቂት ላይ ነው።

ደሳለ ክለቡ ካፈራቸው ልጆች ሁሉ ዳገት የሚችል ነበር። ከኮምቦልቻ አካባቢ የመጣ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ ሌሊት የሚዘምር ልጅ። ለውድድር ፍላቂት በሄድንበት ጊዜ ሆቴሎቹ በእንግዳ ሞልተው ስለነበር ልጆቹን የከተማው ሰው ተከፋፈላቸው። እኔና ደሳለ አያ ተገኘ የሚባሉ ገበሬ ቤት ደረሰን። አያ ተገኘ ገብስ ያርሳሉ፤ በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሠራሉ።

ደሳለ በእሽቅድድም ጫማው ደጃፉን ሲያልፍ የክሊቱ አፍንጫ ደፉን ነካና፣ ድንጋዩ ላይ ተንሸራትቶ በእጁ ወደቀ። ቤቱ በሙሉ ደነገጠ። እሱ ሳቀ። ሞቅ ያለ ውኃ መጣ፤ አያ ተገኘ ራሳቸው ቁጭ ብለው እግሩን አጠቡት። እንግዳ ሲመጣ እግሩን ማጠብ በኛ አገር ያለ ነው፤ ሽማግሌ ሰው ጎንበስ ብለው የልጅ እግር ሲያጥቡ ግን ደሳለ አፈረ። «ኧረ ይተዉኝ፣ አባቴ» እያለ ሲግደረደር «ዝም በል!» አሉት። «ኸቤቴ የገባ ሰው እግሩ ሳይታጠብ አያድርም። ይኸን ጫማ የሰጠህ ሰው ግን ጠላትህ ነው።»

በነጋታው ማለዳ ብርዱ ለጉድ ነበር። ጣቶቼን ብብቴ ውስጥ እያሞቅሁ ሁለቱንም ፔዳል አየሁ። ፔርኖው እንከን የለውም፤ ሞላው በግራም በቀኝም እኩል ነው። ደስ አለኝ። የቀረኝ ጫማው ነበር። ወደ ቤት ስገባ አያ ተገኘ ደሳለን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ በርከክ ብለው፣ ጫማውን በገዛ እጃቸው አልብሰውት ማሰሪያውን ይቆልፉለታል። ፊታቸው በርቷል። ሚስታቸው ቆመው ይመርቁታል።

አውልቅ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እግሩን ያጠቡ፣ ጫማውን ያለበሱ ሽማግሌ ፊት፣ ገና እጃቸው ከማሰሪያው ሳይነሣ «አውልቀው፣ እኔ ልየው» ማለት እንዴት ይቻላል? ያለበሱትን መጠራጠር መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ትናንት ማታ ደህና ነበር ብዬ ራሴን አሳምኜ ዝም አልኩ።

ሰውዬው ለካ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ጫማውን አይተውታል። እንግዳቸውን ያሰናከለችው ያቺ አፍንጫ መሆኗን አውቀዋል። በበረባሶ ቢላቸው ጫፏን ቀንሰው፣ በሞረድ አለስልሰው፣ እንዳያንሸራትተው ብለው ሶሉን ሸካራ አድርገውለታል። ከዚያ ለእንግዳው ክብር ሲሉ ራሳቸው አለበሱት። የተረፈችው ጫፍ ስትረገጥ ትገባለች፣ በኃይል ሲስቧት ግን አትይዝም። እጄን ከትቼ አንድ ጊዜ ብጎትተው ኖሮ አውቀው ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ መንገዱ ቁልቁል ሲጠማዘዝ ደሳለ ከፊት ነበር። ከጥምዝማዛው ወጥቶ ፍጥነቱን ለመመለስ እግሩን በኃይል ወደ ላይ ሲስብ ጫማው ከፔዳሉ ተነቀለ። እኛ በመኪና ከኋላ ነበርን። ስንደርስ መንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ ሥር በጎኑ ተኝቷል። ዳሌው ተሰብሯል። እኔ ሰው ሁሉ ወደሱ ሲሮጥ ከእግሩ የወለቀውን ጫማ አነሣሁና ገለበጥኩት፤ ቢላዋ የቆረጠውን አየሁ። ብስክሌት ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር ትንፋሼን መያዝ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ወልድያ ሆስፒታል ለደሳለ ጫማውን አሳየሁት። ብዙ አየው። «እንዳይነግሯቸው» አለኝ።

«ክለቡ ይጠይቃል እኮ፣ ደሳለ።»

«ፔዳሉ ነው ይበሉ። ጫማው ነው ይበሉ። ያሉትን ይበሉ። እሳቸው ግን እንዳይሰሙ። እግሬን ያጠቡኝ ሰው ናቸው።»

ክለቡ ጥፋቱ የመካኒኳ ነው አለ፤ ትክክል ነበር፣ ጫማውን ማየት የእኔ ሥራ ነውና። ደመወዜ ተቀጣ፣ ተግሣጽ ተጻፈልኝ። ይህ ብዙ አላመመኝም። ያመመኝ አያ ተገኘ ሙክታቸውን ሸጠው ሊጠይቁት መምጣታቸው ነው። ወላጆቹ ሩቅ ናቸው ብለው ሲሻለው ወደ ቤታቸው ወሰዱት፣ እንደ ልጃቸው አስታመሙት። ደሳለ በዚያው ፍላቂት ቀረ፤ የአያ ተገኘን ልጅ አገባ፣ እህል ነጋዴ ሆነ። አያ ተገኘ «ይኸ የብስክሌት ነገር ልጄን ሰበረብኝ» እያሉ ነው የኖሩት። አምና አረፉ። ዛሬ ይህን የምጽፈው እሳቸው ስለሌሉና ደሳለም ጻፊው ስላለኝ ነው።

ከፍላቂት በኋላም ብዙ ሠርቻለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ጫማ ሳላስወልቅ ያሰናበትኩት ሰው የለም፤ ባለሥልጣን ቢሆን፣ ቄስ ቆመው እየባረኩት ቢሆን። ባለጌ ናት የሚሉኝ ነበሩ። ይበሉ።

እንግዲህ ላሊበላ ከገባሁ በኋላ ቤቴ ጥግ ላይ ብረት ማሠሪያ ሞርሳዬን ተክዬ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ዘንድሮ አንዲት ልጅ በር አንኳኳች። ቀጭን ናት፤ ጉንጮቿ በብርድ ቀልተዋል። በፌስታል ሁለት ፔዳልና አንድ ጥንድ የእሽቅድድም ጫማ ይዛለች። ስመኝ እባላለሁ አለችኝ፤ የደሳለ ልጅ ነኝ። ላሊበላ ዘመድ ቤት ተቀምጣ እንደምትማር፣ አንድ የቀድሞ ብስክሌተኛ አሮጌ ብስክሌቱን እንደሰጣት፣ ክለቡ በመጪው እሑድ ጋሸና መንገድ ላይ አዳዲስ ልጆች እንደሚፈትን በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ፔዳሎቹ ይጮሃሉ፤ ግራው ደግሞ ይነቀነቃል።

«እትዬ ጥሩ፣ ይድናሉ?»

ፔርኖውን በጣቴ አዞርኩት። አሸዋ የያዘ ወፍጮ ይመስላል። «ትተሽልኝ ሂጂ፤ ልየው» አልኳት።

«አባቴ አይወድም» አለች በር ላይ ደርሳ። «እርስዎ ደህና ነው ካሉት ግን ይሰማል።»

በነጋታው ራሱ ደሳለ መጣ። በሚኒባስ ከፍላቂት ነው የመጣው። ዳሌውን ያመዋል መሰለኝ፣ ከመኪና ሲወርድ አካሄዱ ይብሳል።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው የመጣሁ፣ እትዬ ጥሩ።»

«መጀመሪያ ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። ዝቅተኛ ወንበር ላይ ከተቀመጠ መነሣት ያቅተዋል። ከሞርሳው አጠገብ ቆሞ ፔዳሎቹን አያቸው እንጂ አልነካቸውም።

«አይሆንም ይበሏት» አለኝ።

«እንዴት አይሆንም?»

«አልቋል ይበሏት። ተሰንጥቋል ይበሏት። እኔ ብላት አትሰማኝም፤ ካፍዎ ከወጣ ታምናለች። ሌላ የምትገዛበት የላትም። ያለዚህ ፔዳል ደግሞ እሑድ አይፈትኗትም። በቃ፣ ይቀራል። ትማራለች፣ ታገባለች፣ በእግሯ ትሄዳለች።»

«ልጅቷ እኮ ጎበዝ ናት ይላሉ።»

«እኔም ጎበዝ ነበርኩ» አለ። ከዚያ ወደኔ ሳያይ «ከርስዎ አንድ ነገር ጠይቄ አላውቅም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጠይቆኝ አያውቅም፤ ወቅሶኝም አያውቅም። ያ የጥንቱ ይሉኝታ ተመልሶ መጣ። «እሺ» አልኩት። እጄን ሳመኝና ሄደ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ልጅቷ ባትወጣ እወዳለሁ። ፈርቻለሁ። ግን እጄ ዋሽቶ በማያውቅበት ሥራ ዓይኗን እያየሁ መዋሸት ከበደኝ። ስለዚህ አንድ ዘዴ መጣልኝ፤ እውነተኛ ስንጥቅ ባገኝ ሁላችንም እንገላገላለን። ጨርቄን አንጥፌ ፈታሁት። ፔርኖውን በነጭ ጋዝ ነክሬ አቆየሁት፤ አውጥቼ በደንብ ጠረግሁት። ከዚያ ጠመኔ ፈጭቼ ነሰነስኩበት። ብረት ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለበት፣ ነጭ ጋዙ እዚያ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ወደ ጠመኔው ሲወጣ ጥቁር መስመር ያሳያል። ይህም የአያ ይመር ነው።

ደጃፉ ላይ ፀሐይ ፊት አስቀምጬ ጠበቅሁ። መነጽሬን አደረግሁ፣ አወለቅሁ፣ ጠርጌ እንደገና አደረግሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያ መስመር እንዳይወጣ ስጸልይ ኖሬ፣ አሁን እንዲወጣ ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝም። አንድ ጊዜ የወጣ መሰለኝና ልቤ ዘለለ፤ የራሴ ፀጉር ነበር። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረግሁ። ብረቱ ከኔ የተሻለ ጤነኛ ነው። ያለቁት ብዮቹና የተቀመጡበት ቀለበት ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ይቀየራሉ።

አንድ መንገድ ቀረኝ። የፔዳሉን አካል ሞርሳ ላይ አሥሬ፣ ቁልፉን በተሳሳተው አቅጣጫ አንድ ጊዜ ባጠማዝዘው ጥርሱ ይላጫል። ከዚያ «አይሆንም» ብላት ውሸት አይሆንም። ቁልፉን አስገባሁ። እጄንም ጫንኩበት። ያልገፋሁት ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሌላ ፍርሃት ስለመጣብኝ ነው። ይቺ ልጅ እቤት አትቀመጥም። እኔ ይህን ብገድለው እሑድ ሳይደርስ ከሆነ ሰው አንድ ያረጀ ፔዳል ለምና ታስራለች፤ ያንን ማን ያይላታል? ማን ጫማዋን ገልብጦ ያያል? ቁልፉን አወጣሁት።

በቀጣዩ ቀን ከተማ ወርጄ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ዘንድ ገባሁ። ጓሮው በሞቱ ፎቶ ኮፒ ማሽኖች ተሞልቷል። ማሽኖቹ ውስጥ ብይ የታሸገበት፣ ዙሪያው በጎማ የተዘጋ፣ አቧራ የማያስገባ ትንሽ ኩሽኔታ አለ። ፔርኖውን ይዤ ስለነበር እየለካሁ አንድ በአንድ አስፈታሁት። የፔዳሉ አሮጌ ብዮች ክፍት ስለነበሩ ነው የላስታ አቧራ የጨረሳቸው፤ እነዚህ ይሻላሉ። የሚስማማ ሳገኝ ጠጋኙ «ለምንድን ነው?» አለኝ። ለእግር ነው አልኩት። ሐኪም የሆንኩ መስሎት ዋጋ ቀነሰልኝ።

ቤት ገብቼ ኩሽኔታውን በእንጨት ቀስ አድርጌ እየመታሁ አስገባሁት። ግራሶ ሞላሁ፤ ፔርኖውን ስመልስ የተረፈው ዙሪያውን ወጣ፣ ጠረግሁት። ዳዶውን አጠበቅሁ፣ አላላሁ፣ እንደገና አጠበቅሁ። ዓይኔን ጨፍኜ አዞርኩት። ምንም አይሰማም። ሞላውን ለጀማሪ እንደሚሆነው አላላሁትና በሁለቱም በኩል እኩል አደረግሁት። ከጨረስኩ በኋላ እንደገና ፈትቼ አየሁት፤ የረሳሁት ነገር አልነበረም።

ልጅቷ ልትወስድ በመጣችበት ቀን ደሳለ ቀድሟት ደረሰ። አይሆንም ስላት አጠገቧ ሆኖ ሊያጽናናት ነው መሰለኝ። ምንም ሳልለው ፔዳሉን ሰጠሁትና በፔርኖው ያዘው። በጣቱ ነካ አደረገው። ዞረ፤ ድምፅ የለውም፤ ዞሮ ዞሮ እስኪቆም ዓይኑን አላነሣም።

«ቃል ገብተውልኝ ነበር» አለ።

«ገብቼልህ ነበር። ስንጥቅ ፈለግሁ፤ በጠመኔ ፈለግሁ። አጣሁ።»

«ባይኖርም ይበሏት ነበራ!»

«አንድ ጊዜ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ» አልኩት። «አንተ ተሰበርክ። አሁን ደግሞ ላንተ ይሉኝታ ብዬ ልዋሻት? እንዳይሆን ከፈለግህ መዶሻው ያውልህ። በገዛ እጅህ ስበረው፤ እኔ ተሰብሯል ብዬ እነግራታለሁ። ያኔ እውነት ነው።»

መዶሻውን አየው። ክፉ ነገር እንደተናገርኩ ታወቀኝ፤ መመለስ ግን አልቻልኩም። ደሳለ ፔዳሉን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። ልጅቷ አስቀድማ ትታልኝ የሄደችውን ጫማ አነሣና ገለበጠው። ክሊቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ አፍንጫውን፣ ጎኑን፣ ሦስቱን ብሎኖች። ጊዜ ወሰደ።

«አዲስ ነው» አለ።

«አዲስ ነው። ከሥራዬ የተረፈኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

«እሳቸው ይኸን ቢያዩ…» አለና ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ነገር አፈነው። «ልጅቱ አያቷን ትመስላለች እኮ። እጇ አያርፍም። ብከለክላትም ትሄዳለች፣ አይደል?»

«ትሄዳለች።»

ስመኝ ብስክሌቷን እየገፋች ስትገባ አባቷን አየችና ቆመች። ሊከለክላት የመጣ መስሏት ፊቷ ተለወጠ። ደሳለ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት እጁን ወደኔ ዘረጋ። «ቁልፉን ይስጡኝ» አለኝ።

ያን የሚያመውን ዳሌውን ይዞ መሬት ላይ ወረደ። የቀኙን አሰረ። ግራው ላይ ተሳሳተና በተለመደው አቅጣጫ ሊያጠብቅ ጀመረ።

«ወደ ፊት፣ ደሳለ። በሁለቱም በኩል ወደ ፊት።»

«ረሳሁት» አለ። መልሶ በጣቱ አስያዘው፣ ከዚያ በቁልፉ አጠበቀው። ግንባሩን አላበው። ልጅቷ አፏን ይዛ ታያለች። እኔ ጎንበስ ብዬ ሁለቱንም በዓይኔም በእጄም አረጋገጥኩ፤ ጫማውን ለብሳ ደጋግማ እንድትገባና እንድትወጣ አደረግኋት። ይይዛል፤ ይለቃል።

«ማን ሠራው?» አለች ስመኝ። ድምፁ ስለጠፋ ገርሟታል።

«አባትሽ ነው ያሰረው» አልኳት።

ዞር ብላ አየችው። ደሳለ አላስተባበለም። ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዞ አነሣትና «ፍሬንሽን ቀስ እያልሽ ያዢ፤ አንዴ እንዳታጠብቂው» ብቻ አላት። ከደጃፌ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ቁልቁለት ነው። ወጣች። ቀጭ አለ፤ ሌላውም ቀጭ አለ፤ ከዚያ ኩርባው ላይ ተሰወረች። የጎማው ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ይሰማን ነበር፤ እሱም ጠፋ።

እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። ከጎኔ ደሳለ አንገቱን አስግጎ፣ ቁልፉን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል።

«እትዬ ጥሩ» አለኝ፣ ወደኔ ሳይዞር። «ግራውን በደንብ አጥብቄዋለሁ?»

«አጥብቀኸዋል። በእጄ አይቼዋለሁ።»

አላመነኝም።